ጭቃ ስመዝን

እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ስለ ጭቃ ላወራችሁ ነው። የምሬን ነው!

እኛ አገር ደለል ጥሩ ስም የለውም። ግድብ ይሞላል፣ የገበሬውን አፈር ይዞ ይሄዳል። «አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» ስንል አይደል ያደግነው። ለመመረቂያ ጽሑፌ ጭቃ ውስጥ የተቀበረ ካርቦን ልለካ ኬንያ ሄጄ ግን፣ ከሞምባሳ በስተደቡብ ጋዚ የምትባል የባሕር ዳርቻ መንደር፣ ደለል መጣ ተብሎ ደስ የሚላቸው ሰዎች አየሁ። ማንግሮቭ ሥሩን ጨው ውኃ ውስጥ ነክሮ የሚኖር ዛፍ ነው፣ ሥሩ ደለሉን ይይዘዋል፣ ጭቃው ደግሞ አየር ስለማያስገባ የወደቀው ቅጠልና የሞተው ሥር ቶሎ አይበሰብስም። ዛፉ ከአየር የወሰደው ካርቦን እዚያው ተቀብሮ ይቀራል። አብዛኛው ካርቦን ያለው ግንዱ ላይ ሳይሆን እታች ጭቃው ውስጥ ነው።

የመጀመሪያ ቀን የጭቃ ናሙና ለማውጣት ቱቦ በመዶሻ እየቀጠቀጥኩ አንድ ሜትር አስገባሁ። ሳወጣው ውስጡ ያለው ጭቃ 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ! የት ሄደ? የትም አልሄደም፣ ተጠቅጥቆ ነው። እኔ ሆዬ ይህን ሳልመዘግብ በየ5 ሴንቲ ሜትሩ ቆራርጬ ላስቲኩ ላይ ጥልቀቱን ጻፍኩበት። ጥልቀቱም ውሸት፣ እፍግታውም (ጭቃው ለመጠኑ ያለው ክብደት) ውሸት፣ ካርቦን የሚሰላው ደግሞ በሁለቱ ነው። እንዲህ እያደረግኩ የሰበሰብኩት የሦስት ሳምንት ጭቃ ተደፋ። አለቀስኩ፣ አልዋሽም።

የደለሉን ክምችት መለካት ግን ደስ ይላል። ፌልድስፓር የሚባል ነጭ ዱቄት መሬቱ ላይ ትነሰንሳላችሁ፣ ከዓመት በኋላ መጥታችሁ እንደ ዳቦ ቆረጥ አድርጋችሁ ከነጩ መስመር በላይ ያለውን በማስመሪያ ትለካላችሁ። ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው፣ በቃ። ደለል ተጨመረ ማለት ደግሞ መሬቱ ከፍ አለ ማለት አይደለም፣ ከሥር ያለው እየተጨመቀ ሊሰምጥ ይችላል። ስለዚህ አልገባም እስኪል ድረስ የብረት ዘንግ ይተከላል፣ ከዘንጉ ላይ በተዘረጋ ክንድ 9 ቀጫጭን ዘንጎች መሬት ድረስ ይወርዳሉ፣ በየጊዜው ከፍታው ይመዘገባል። ባሕሩ ከፍ ሲል ጫካው አብሮ መነሳቱ የሚታወቀው በዚህ ነው።

ጋዚ ሰዎች ለዚህ ቁጥር ግድ አላቸው። ሚኮኮ ፓሞጃ በሚባለው ፕሮጀክታቸው እንደ ፈረንጆቹ ከ2013 ጀምሮ 117 ሄክታር ማንግሮቭ እየጠበቁ የካርቦን ክሬዲት (ጫካው አምቆ ለሚያስቀረው ካርቦን የሚከፈልበት ማረጋገጫ) ይሸጣሉ፣ ገንዘቡ ለመጠጥ ውኃና ለትምህርት ቤት ይውላል።

አንድ ሽማግሌ ላስቲኮቼን አይተው «ጭቃችንን ወዴት ነው የምትወስጂው?» አሉኝ። ላቦራቶሪ ወስደን፣ አድርቀን፣ መዝነን፣ በ450 ዲግሪ እናቃጥለዋለን አልኳቸው፣ የጎደለው ክብደት ነው የብስባሹን ልክ የሚነግረን። ትንሽ ዝም አሉና፣ «ባሕሩ ያልወሰደውን አንቺ ልታቃጥዪው?» ብለው ሳቁ፣ ቱቦውንም ተሸከሙልኝ።