በርሜል፣ ላሜራ ወይስ ጋዝ? ለግቢ የሚሆን የሥጋ መጥበሻ

እሷ፦ ጤና ይስጥልን፣ ከባሕር ዳር ነን። ዛሬ ለግቢ የሚሆን መጥበሻ እንመርጣለን። የላሜራ አለ፣ ግማሽ በርሜል አለ፣ የጋዝ አለ። አንተ የቱን ትላለህ?

እሱ፦ ለጎጃም ግቢ ክዳን ያለው ግማሽ በርሜል። ከሰሉ ሩቅ አይደለም፣ ለከሰል የሚተከለው የአዊ ዲከረንስ ዛፍ አለልን። ቢበላሽም የሰፈር በያጅ ይጠግነዋል።

እሷ፦ ላሜራው ግን ይረክሳል።

እሱ፦ ይረክሳል፤ ግን ዝርግ ስለሆነ ሲግል ይጣመማል። ከሰሉ ወደ ጎድጓዳው ይሰበሰባል፣ መሃሉ ያርራል፣ ዳሩ ጥሬ ይቀራል። በርሜሉም ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ቅርጹን የሚያስጠብቀው ክብነቱ ነው።

እሷ፦ በያጁ ጋ ስንሄድ ምን እንበል?

እሱ፦ መጀመሪያ በርሜሉ ምን እንደያዘ ጠይቂ። የምግብ ዘይት ከሆነ ጥሩ። ፀረ ተባይ ከሆነ ተዪው። ነዳጅ የነበረበት ባዶ ቢመስልም ትነቱ ውስጡ አለ፤ ግራይንደር ሲነካው ሊፈነዳ ይችላል።

እሷ፦ ይኼን እባካችሁ አትለፉት። ውስጡስ?

እሱ፦ ሁለት ፍርግርግ። የታችኛው ከሰሉን ከወለሉ 5 ሳንቲ ሜትር ያነሣዋል፤ አለዚያ አመዱ ያፍነዋል። የላይኛው ከከሰሉ ከ12 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ዝገቱ የተፈቀፈቀ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ፌሮ ይበቃል። ዚንክ የተቀባ ሽቦ ግን አይሆንም፣ ሲግል ጭሱ ጤና ይጎዳል።

እሷ፦ አየር መግቢያውስ? ብዙዎቹ ቀዳዳ ይበሱና መዝጊያ አያደርጉለትም። ከጣና ነፋስ ሲነሣ ከሰሉ ይንቦገቦጋል።

እሱ፦ ልክ ነሽ። በአንዱ ጎን ከታች ሦስት ቀዳዳ ከነመዝጊያው፣ ጭስ ማውጫው ደግሞ በተቃራኒው ጎን ክዳኑ ላይ። ሙቀቱ ሥጋውን አቋርጦ ይወጣል።

እሷ፦ ከዚያ ሥጋ እንጭናለን?

እሱ፦ ገና ነው! መጀመሪያ አንድ ሰዓት ያህል እንጨት ይንደድበት፣ ቀለሙ ተቃጥሎ ይለቅ። ይፈቅፈቅና ዘይት ይቀባ። ከሰሉን በግማሹ ብቻ አድርጊ፤ አመድ እስኪለብስ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ጠብቂ። መዳፍሽን ከፍርግርጉ በላይ ያዢ፤ 3 ሰከንድ ካስቻለሽ ለበሬ ሥጋ ነው፣ 6 ከሆነ ለዶሮና ለቆሮሶ ዓሣ።

እሷ፦ ጮማው ተንጠባጥቦ እሳት ሲነሣ ውኃ የሚረጩ አሉ።

እሱ፦ አመዱ ሥጋው ላይ ይቦናል። ከሰል ወደሌለበት ወገን አሽሽተሽ ክደኚው።

እሷ፦ ጋዝስ?

እሱ፦ ቀኑን ሙሉ ለሚጠብስ ምግብ ቤት። ሲሊንደር በተቀየረ ቁጥር መገጣጠሚያው በሳሙና ውኃ ይፈተሽ፤ አረፋ ካወጣ አይለኮስም። ደብረ ማርቆስን በመሰለ ደጋ ነበልባሉ ቢጫ ከሆነ አየር አንሶታል፣ የአየር መግቢያው ይከፈት።

እሷ፦ ዝናብ ቢመጣ ከነከሰሉ ቤት እናስገባው?

እሱ፦ በፍጹም፤ ሽታ የሌለው የከሰል ጋዝ ሰው ይገድላል። ክዳኑንም ቀዳዳዎቹንም ድፈኑ። እሳቱ ታፍኖ ይጠፋል፣ የተረፈውን ከሰል ነገ ትለኩሱታላችሁ።