ዘፋኙ አዝማቹን ሲደግም ላፕቶፑ ምን ይሁን?

[ምስል፦ የሰርግ መድረክ፤ ኪቦርድ፣ ላፕቶፕ፣ ፓድ (በጣት የሚመታ የቁልፍ ሰሌዳ)]

ሰርግ ላይ ዘፋኙ አዝማቹን ስንቴ እንደሚደግም ቀድሞ የሚያውቅ የለም። ጭፈራው ከደራ ይቀጥላል። ከጫፍ እስከ ጫፍ የተቀዳ ትራክ ለከፈተ ኪቦርዲስት ይህኔ ጉድ ፈላ፤ ትራኩ ሊዘጋ ነው፣ ዘፋኙ ገና ሞቅ እያለው ነው።

መፍትሔው ሚዲ ሲኪውንሰር ነው፤ ሚዲ የሙዚቃ መሣሪያዎች የሚግባቡበት ቋንቋ ነው፣ ሲኪውንሰሩ ደግሞ መዝግቦ የሚያጫውተው ፕሮግራም። የሚይዘው ድምፅ ሳይሆን ትእዛዝ ነው፦ የትኛው ኖታ፣ በምን ያህል ጉልበት፣ መቼ ተነካ፣ መቼ ተለቀቀ። ጉልበቱ ከ1 እስከ 127 ይለካል። ዘፋኟ ጉንፋን ይዟት «ዛሬ ዝቅ አድርግልኝ» ካለች ኖታዎቹን ሁለት ሰሚቶን (ጥቁሩም ተቆጥሮ ሁለት የኪቦርድ ቁልፍ) ማውረድ ቀላል ነው፤ ጥራቱም አይበላሽም። ድራሙን ግን አብራችሁ እንዳታወርዱ! ድራም ላይ እያንዳንዱ የኖታ ቁጥር የተለየ ከበሮ ነው፤ በጄኔራል ሚዲ (በጋራው የድምፅ ቁጥር ደንብ) 38 ቁጥር ስኔር (ጥርት ያለው ከበሮ)፣ 36 ቁጥር ኪክ (በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ) ነው። በሁለት ስታወርዱት ስኔሩ ኪክ ሆኖ ቁጭ ይላል።

[ስክሪን፦ አብልተን ላይቭ፣ ሴሽን ገጽ]

እዚህ፣ አብልተን ላይቭ በተባለው የሙዚቃ ፕሮግራም፣ ዘፈኑ በክሊፕ (በአጫጭር ቁራጭ) ተቆራርጧል፦ መግቢያ፣ ስንኝ፣ አዝማች፣ መዝጊያ። የአዝማቹ ክሊፕ ሉፕ (ድግግሞሽ) ላይ እስካለ ድረስ ሌላ እስክትነኩ ይዞራል። ቀጣዩን ስትነኩም ዘሎ አይገባም፤ ኳንታይዜሽኑ (ክሊፑ የት ላይ እንደሚገባ የሚወስነው ማስተካከያ) 1 ባር (አንድ የምት ዙር) ላይ ከሆነ የያዘውን ባር ጨርሶ ነው የሚሻገረው። ዓይናችሁን ከስክሪኑ አንስታችሁ ዘፋኙ ላይ ጣሉ።

አሁን ወደ ችክችካ። ምቱ 6/8 ነው፦ በአንድ ባር ስድስት ስምንተኛ ኖታ፣ እግር የሚመታው በየሦስቱ። ሶፍትዌሩን 4/4 (በባር አራት ሩብ ኖታ) ላይ ከተዋችሁት አዲሱ ክሊፕ በምቱ መሃል እየገባ ጨፋሪውን ያደናቅፋል። ቴምፖውም (ፍጥነቱም) ያታልላል፤ ላይቭ የሚቆጥረው በሩብ ኖታ ስለሆነ እግራችሁ በደቂቃ 80 የሚመታ ከሆነ 120 ጻፉ፤ በአንድ ተኩል አባዙት ማለት ነው። ደግሞ በእጃችሁ የቀዳችሁትን ችክችካ መቶ በመቶ ኳንታይዝ አታድርጉት፤ ማለትም ሶፍትዌሩ ምቶቹን ሁሉ ወደ መስመሩ እንዲስብ አትፍቀዱለት። ሁሉም ምት መስመር ላይ ሲሰለፍ፣ በኔ ጆሮ፣ እስክስታ የሚያስወርደው ነገር ይጠፋል።

[ስክሪን፦ የኦዲዮ ማስተካከያ]

በፈሩን (ላፕቶፑ ድምፁን ከማውጣቱ በፊት የሚያጠራቅመውን) በሰከንድ 44,100 ሳምፕል (የድምፅ ናሙና) ባለበት 128 ሳምፕል ብታደርጉት፣ ቁልፍ ነክታችሁ ድምፁ እስኪወጣ ያለው መዘግየት 3 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፤ 512 ላይ 12 ይጠጋል። ይህ በፈሩ ብቻውን የሚጨምረው ነው። ድምፁ መቆራረጥ ከጀመረ ወደ 256 ከፍ አድርጉት።

[ምስል፦ የዩኤስቢ ገመድ ሲነቀል]

የኪቦርዱ ቁልፍ እንደተያዘ ገመዱ ከተነቀለ «ተለቀቀ» የሚለው ትእዛዝ አይደርስም፤ ኖታው ይጮኻል፣ ይጮኻል። ለዚህ ሲባል 123 ቁጥር ኮንትሮል የሚባል የሚዲ ትእዛዝ አለ፤ ሁሉንም ኖታ የሚያጠፋ ነው። ከፓዱ አንዱን ቁልፍ ለእሱ ስጡት፤ በጨለማም እንዳትስቱት ጥግ ላይ ያለውን።