ከድንጋዩ የሚለሰልስ ኖራ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ስለ አንዲት ፍርስራሽ ቤተ ክርስቲያን ብቻዬን ላወራችሁ ነው።

በጎ ፈቃደኛ ሆኜ የሄድኩባት ይህች የገጠር ቤተ ክርስቲያን በመካከለኛው ዘመን የተሠራች ናት። ጣሪያ የላትም፤ ግድግዳዋን ሐረግ ውጦታል። በመጀመሪያው ቀን ሐረጉን ልመነግል ስል ሥራውን የሚመሩት አዛውንት ግንበኛ እጄን ያዙኝ። «ተዪው! ግንዱን ከሥር ቁረጪና ይድረቅ። ዛሬ ብትጎትቺው ድንጋዩን ይዞ ይመጣል» አሉኝ። ጠጋ ብዬ ሳይ እውነታቸውን ነው፤ ግድግዳውን የሰነጠቀው ሐረግ፣ አሁን ደግፎ የያዘውም እሱው ነው።

ከዚያ በኋላ ሥራዬ ሲሚንቶ መፈልፈል ሆነ። ከእኛ በፊት የነበሩ ሰዎች፣ በቅን ልብ፣ የድንጋዮቹን መጋጠሚያ በሲሚንቶ ደፍነውታል። ግድግዳ ውኃ ይጠጣል፤ ድሮ የጠጣውን በመጋጠሚያዎቹ ውስጥ በነበረው ኖራ በኩል ያስተነፍሰው ነበር። ሲሚንቶው ያን መንገድ ሲዘጋበት እርጥበቱ በድንጋዩ ይወጣል፤ ጨው እዚያው ይቀራል፤ የድንጋዩም ፊት እንደ ቅርፊት ይላጣል። በመሮ ቀስ ብዬ ሳነሣው ሲሚንቶው ደህና ነው፤ መዳፌ ላይ የረገፈው የድንጋዩ ዱቄት ነው። አንጀቴ ተላወሰ።

በምትኩ የምናስገባው ኖራ ነው። የኖራ ድንጋይ ወደ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ውኃ ሲጨመርበት ይፈላና ይላላል፤ ከአሸዋ ጋር ተለውሶ ግድግዳ ከገባ በኋላ ያንኑ የለቀቀውን ጋዝ ከአየር ቀስ እያለ እየወሰደ ይጠነክራል። ቶሎ መድረቅ የለበትም፤ ስለዚህ እርጥብ ጆንያ እናለብሰዋለን፣ ጠዋት ማታ ውኃ እናርከፈክፍለታለን። እንደ አራስ ልጅ ነው የምንጠብቀው። ከድንጋዩ መለስለሱን እንደ ድክመት ነበር የማየው። ለካ የሚፈለገው እሱ ኖሯል፤ ዝናብና ጊዜ የሚበሉት ኖራውን ነው፣ ኖራ ደግሞ ይተካል።

እንግሊዝ አገር፣ ኖርፎክ ውስጥ፣ ቦብ ዴቪ የሚባሉ ሰው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1992 ባለቤታቸው ግሎሪያ በእግር ጉዞ ላይ ሳሉ ሐረግ የሸፈናትን የሆተን ኦን ዘ ሂል ቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያንን አገኙ፤ ቦብም ማደሱን ተያያዙት። ኋላ ከልስኑ ሥር 900 ዓመት ገደማ የሆናቸው የግድግዳ ሥዕሎች ወጡ። እኔ ይህን ካወቅሁ ወዲህ አሮጌ ልስን ላይ መሮ ባሳረፍኩ ቁጥር እጄ ይከብደኛል።

የእኛዋ የምሥራቅ መስኮት ቅስቱ ግማሽ ነው። መሙላት አምሮን ነበር፤ ግን ቀሪው ምን ይመስል እንደነበር የሚያሳይ ሥዕልም ፎቶም የለም። ስለ ጥንታዊ ሕንፃዎች አጠባበቅ የወጣው ዓለም አቀፍ ሰነድ፣ እ.ኤ.አ. የ1964ቱ የቬኒስ ቻርተር፣ እድሳት ግምት በሚጀምርበት ቦታ ማቆም አለበት ይላል። ውኃ እንዳይገባበት ጫፉን በኖራ ዘጋንና ተውነው። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ በዚያ ጎዶሎ ቅስት ገብታ ጆንያው ላይ ታርፋለች፤ እኔም ሳይደርቅብኝ ብዬ ባልዲዬን ይዤ እሮጣለሁ።