ፕሮሲጀሩ የሚፈልገውን በእጁ ስጡት

ውድ የፕሮግራሚንግ ተማሪዎች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

በቀጥታ ወደ ኮድ ልግባ። 10 መስመር ኮከብ የሚያትም ፕሮግራም አለን፤ በየመስመሩ 3 ኮከብ። ዋናው ሉፕ (ሥራ የሚደጋግመው የኮድ ክፍል) ከ1 እስከ 10 ይቆጥራል፣ በየዙሩም «መስመር አትም» የሚባለውን ፕሮሲጀር፣ ማለትም በስሙ ሲጠራ አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል፣ ይጠራል። ፕሮሲጀሩ ደግሞ በራሱ ሉፕ ከ1 እስከ 3 ይቆጥራል። ችግሩ ሁለቱም የሚቆጥሩት በአንድ ግሎባል ቫሪያብል፣ ማለትም የትኛውም የፕሮግራሙ ክፍል ሊያነበውና ሊለውጠው በሚችል የጋራ ዋጋ መያዣ ነው። ስሙን «አይ» እንበለው።

ምን ይፈጠራል? እንደ ሲ ባለ ቋንቋ፣ ፕሮሲጀሩ ሲጨርስ «አይ» 4 ላይ ይቆማል። ዋናው ሉፕ አንድ ጨምሮ 5 ያደርገዋል። ገና 10 ስላልደረሰ ፕሮሲጀሩን እንደገና ይጠራል። «አይ» ተመልሶ 4! ፕሮግራሙ ኮከብ ሲያትም ያድራል። አሁን በየመስመሩ 10 ኮከብ ይሁን በሉት። «አይ» 11 ሆኖ ይመለሳል፤ ዋናው ሉፕም ሥራው ያለቀ መስሎት አንድ መስመር ብቻ አትሞ ይወጣል። ስህተቱ አንድ፣ ጥፋቱ ግን ለየቅል። ሁለቱን ሉፖች ለየብቻ ብታነቧቸው ደግሞ ምንም እንከን አታገኙባቸውም። ፕሮግራመርን እንቅልፍ የሚያሳጣው ይኼ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ቆጣሪውን ፕሮሲጀሩ ውስጥ አውጁት፤ የኮከቡን ብዛት በፓራሜትር፣ ማለትም ፕሮሲጀሩ ሲጠራ ዋጋ በሚቀበልበት ቦታ፣ አቀብሉት። ያኔ ጥሪውን ብቻ ያየ ሰው ፕሮሲጀሩ ምን እንደሚፈልግ ያውቃል። መፈተሽም ይቀላል፦ 0 ስጡት፣ 1 ስጡት፣ 50 ስጡት። የቀረውን ፕሮግራም ማስነሳት አያስፈልግም። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ጥቅም ይኼኛው ነው።

የኮምፒውተር ሳይንቲስቶቹ ዊልያም ዉልፍ እና ሜሪ ሾው ግሎባል ቫሪያብል ጎጂ ነው ብለው የጻፉት በ1973 እ.ኤ.አ. ነበር። ዛሬ ነገሩ ብሷል። ሁለት ትሬዶች (በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄዱ ሥራዎች) አንድን ቫሪያብል እኩል ሲነካኩት ስህተቱ አንዴ ይታያል፣ አንዴ ይጠፋል።

ሁሉንም ግሎባል ግን አላወግዝም። እንደ ፓይ ያለውን የማይለወጥ ቁጥር ማንም ከየትም ቢያነበው ጉዳት የለውም።

«ፓራሜትሩ ሲበዛስ?» ትሉኝ ይሆናል። 9 ፓራሜትር የሚጠይቅ ፕሮሲጀር ካጋጠማችሁ ብዙውን ጊዜ ከአቅሙ በላይ ሥራ ተጭኖበታል፤ ከፋፍሉት። እንደ ቀን፣ ወርና ዓመት ያሉ አብረው የሚሄዱ መረጃዎችን ደግሞ በአንድ ስትራክት (የተለያዩ መረጃዎችን በአንድ ስም በሚይዝ ጥቅል) ጠቅልላችሁ አቀብሉ። ወደ ግሎባል ብትወስዷቸው ፕሮሲጀሩ ያው ይፈልጋቸዋል፤ የሚፈልጋቸው መሆኑ ብቻ ይደበቃል።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።