«ፊደል ይገድላል» ለሚሉኝ ምን ልመልስ? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ፕሮግራማችን ስለ ተግባራዊ ነገረ መለኮት የድኅረ ምረቃ ትምህርት ካነሣን ወዲህ ስልካችን አላረፈም። ከደወላችሁት የአምስታችሁን ጥያቄ፣ ይህንኑ ትምህርት በሴሚናሪ የሚያስተምሩት እንግዳችን ከሰጡት መልስ ጋር እነሆ።

ከሐዋሳ የደወሉ ወንጌላዊ፦ «በአጥቢያችን 11 ዓመት አገልግያለሁ፤ በነገረ መለኮት የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ። ማስተርስ ልማር ስል ሽማግሌዎቻችን ‹ፊደል ይገድላል› ይሉኛል። ለመሆኑ ተግባራዊ ነገረ መለኮት የሚባለው የስብከት አሰባበክ ነው እንዴ?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህች ጥቅስ በእኔም ላይ ተወርውራለች። ጳውሎስ በ2ኛ ቆሮንቶስ 3 «ፊደል» ያለው በድንጋይ ጽላት የተቀረጸውን ሕግ ነው፤ የትምህርት ቤት ደብተርን አይደለም። እሱ ራሱ በገማልያል እግር ሥር የተማረ ሰው ነው፤ ታስሮ እንኳ ጢሞቴዎስን መጻሕፍቱንና ብራናውን እንዲያመጣለት ለምኖታል። ታዲያ ይህን ይዘው ሽማግሌዎቹን ለመርታት አይሂዱ። ብዙ ጊዜ ከጥቅሱ ጀርባ ያለው ፍርሃት ሌላ ነው፤ የላክነው ልጅ ተምሮ አይመለስም የሚል ነው። ከሜዳ የመጣ ፍርሃትም አይደለም። ልከው የቀሩባቸውን አጥቢያዎች አውቃለሁ።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ስመጣ፣ ስብከትም ምክርም የወጣቶች አገልግሎትም ውስጡ አሉ። ልዩነቱ አነሣሡ ላይ ነው። የለመድነው አካሄድ ከመጽሐፉ ተነሥቶ ወደ ምእመኑ ይወርዳል፤ ይኼኛው ምእመኑ ቤት ከሆነው ነገር ተነሥቶ ወደ መጽሐፉ ይሄድና ተመልሶ ይመጣል። በፕሪንስተን ሴሚናሪ ያስተማሩት ሪቻርድ ኦስመር ሥራውን በአራት ጥያቄ ይከፍሉታል፦ ምን እየሆነ ነው? ለምን ሆነ? ምን መሆን ነበረበት? እኛስ ምን እናድርግ?

እንዲህ እንበል። ከቤይሩት የተመለሰች እህት እሑድ እሑድ ከኋላ ወንበር ትቀመጣለች፤ ገና ቡራኬ ሳይሰጥ ትወጣለች። እኛ የምናውቀው «ቀዝቅዛለች» ብለን ለጸሎት ቡድን ማስተላለፍ ነው፤ ሦስቱን ጥያቄ ዘለን አራተኛው ላይ ዱብ እንላለን። ተማሪው ግን ቤቷ ሄዶ፣ ቡናዋን ጠጥቶ፣ ይሰማታል። ሰባት ዓመት በላከችው ብር ወንድሟ ቤት ሠርቶበታል፤ ካርታው በእሱ ስም ነው፤ እሱ ደግሞ እዚያው አጥቢያ ከመዘምራኑ አንዱ ነው! አሁን ከኋላ ወንበር ለምን እንደምትቀመጥ ገባን። ለምን ሆነ የሚለውን ለመመለስ የቤተሰብ ሥርዓትን፣ የደላላ ዕዳን፣ ሴት ልጅና ንብረትን በተመለከተ ያለውን ልማድ ማወቅ ይፈልጋል፤ ሶሲዮሎጂ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ምን መሆን ነበረበት ሲባል መጽሐፉ ይገለጣል፤ ያዕቆብ 5 የተቀማ የሠራተኛ ደመወዝ ይጮኻል ይላል። አራተኛው ጥያቄ ላይ ስንደርስ ጸሎቱ አይቀርም፤ ግን ወንድምየውን ማን ያነጋግረው፣ ሽማግሌዎቹስ መቼ ይቀመጡ የሚለውም አብሮ ይመጣል።

ለመማሪያ ቦታ፣ አዲስ አበባ መካኒሳ ያለው የመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ አለ፤ የኢትዮጵያ የድኅረ ምረቃ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ደግሞ ስሙም እንደሚለው ለዚሁ ደረጃ የተቋቋመ ነው። ሲያመለክቱ የኮርሱን ዝርዝር ብቻ አይዩ፤ የመስክ ልምምድ አለ ወይ፣ እዚያ የሚከታተልዎስ ማን ነው ብለው ይጠይቁ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የደወሉ አገልጋይ፦ «በሳምንቱ ታክሲ እነዳለሁ፤ እሑድ እሰብካለሁ። ኤም ኤ፣ ኤም ዲቭ፣ ዲሚን ይሉኛል፤ ግራ ገባኝ። ሆስፒታል በቻፕሊንነት፣ ማለትም ሕሙማንን በሚያጽናና መንፈሳዊ አገልጋይነት፣ የሚያስቀጥረኝ የቱ ነው?»

መልስ፦ በአሜሪካና በካናዳ ሴሚናሪዎችን የሚመዝነው ማኅበር ባወጣው መለኪያ፣ ኤም ኤ (ተራው ማስተርስ) ቢያንስ 36፣ ኤም ዲቭ (ለመጋቢነትና ለአገልግሎት የሚያዘጋጀው ማስተርስ) ቢያንስ 72 ክሬዲት ነው። ኤም ዲቭ ሙሉ ጊዜውን ለሚሰጥ ተማሪ ሦስት ዓመት ይፈጃል፤ እየነዱ ከሆነ አምስት ስድስት ብለው ያስቡት። ዲሚን፣ ማለትም የአገልግሎት ዶክትሬት፣ ማስተርስ ይዞ በአገልግሎት ለቆየ ሰው ነው፤ ከእሱ አይጀመርም። (ክፍል ሳይገቡ፣ አዳራሽ ተከራይተው በአንድ ቅዳሜ ካባ የሚያለብሱ «ዶክትሬቶች» አሉ። የካባው ኪራይ ብቻ ነው እውነተኛው።)

ለቻፕሊንነት አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቀው ኤም ዲቭ ነው፤ ግን ዲግሪው ብቻውን አይበቃም። ሲ ፒ ኢ የሚሉት፣ ታማሚዎችን እየጎበኙ በአሠልጣኝ ሥር የሚማሩበት የክሊኒክ ልምምድ አለ፤ አንዱ ዩኒት 400 ሰዓት ነው፤ የቦርድ ማረጋገጫ ለማግኘት አራት ዩኒት፣ ማለትም 1,600 ሰዓት ይፈለጋል። ለዚህ መንገድ ከጠረጉት ዋነኛው አንቶን ቦይሰን ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1925 የነገረ መለኮት ተማሪዎችን ማሳቹሴትስ ውስጥ ወደሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ያስገቡ ሰው። እሳቸው ራሳቸው ቀደም ሲል በዚያ ዓይነት ሆስፒታል ተኝተው ታክመዋል። መጽሐፍን በጥንቃቄ እንደምናነብ የታመመውንም ሰው እናንብበው ነበር ክርክራቸው።

በልምምዱ ውስጥ ቬርባቲም የሚባል ነገር አለ። ከታማሚው ወይም ከቤተሰቡ ጋር የተባባልከውን ቃል በቃል ጽፈህ ለአሠልጣኝህና ለባልደረቦችህ ታነባለህ። የእኔ የመጀመሪያው ሦስት መስመር ነበር። እናቲቱ፦ «ሌሊት እጁን ያዝኩት፤ ቀዝቅዞ ነበር።» እኔ፦ «እግዚአብሔርን ለሚወዱት ነገር ሁሉ ለበጎ ይደረጋል።» እናቲቱ፦ «እሺ፣ አመሰግናለሁ።» አሠልጣኜ «እሺ» የምትለዋን በቀይ ከበበና ከጎኗ «በሩ እዚህ ተዘጋ» ብሎ ጻፈ። ሌላ ምንም አላለም። ጥቅሱ እውነት ነው፤ የልጇን እጅ ግን ገና አልለቀቀችም ነበር።

ከኩዌት የደወለች እህት፦ «ቤት ውስጥ ነው የምሠራው፤ ዓርብ ዓርብ በኅብረታችን እህቶችን አስተምራለሁ። 12ኛ ጨርሻለሁ፤ ዲግሪ የለኝም። ማስተርስ በኦንላይን መማር እችላለሁ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ቁርጡን ልንገርሽ፦ በመደበኛው መንገድ ማስተርስ የመጀመሪያ ዲግሪ ይፈልጋል። በሦስት ወር እንጨርስልሻለን የሚልሽ ካለ የፈለገው ላብሽን ነው። እንዳንቺ ላለ ሰው የታሰበ መንገድ ግን አለ። እ.ኤ.አ. በ1963 ጓቴማላ ውስጥ አንድ ሴሚናሪ፣ ሥራቸውንና ቤተሰባቸውን ጥለው መምጣት ላልቻሉ አገልጋዮች ትምህርቱን ወደየመንደራቸው ይዞላቸው ሄደ፤ በየቤታቸው ያነባሉ፣ በሳምንት አንዴ ከመምህሩ ጋር ይገናኛሉ። የርቀት የነገረ መለኮት ትምህርት ከዚያ ተነሥቶ ነው እኛም አገር የደረሰው። ከሰርተፊኬት ጀምሪ። ከመክፈልሽ በፊት ክሬዲቱ ለዲፕሎማና ለዲግሪ እንደሚያዝልሽ በጽሑፍ ተቀበዪ።

እስከዚያው እህቶች ዓርብ ዓርብ የሚጠይቁሽን ጥያቄ ደብተር ላይ ያዢ፤ ቀኑን ጻፊ፣ ስም አትጻፊ። የማስተርስ ተማሪዎቼ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ሲቸግራቸው «የቤተ ክርስቲያን ሚና በአገር ግንባታ» ይዘውልኝ ይመጣሉ። የአንቺ ደብተር ቢኖራቸው ባልተቸገሩ።

ከጎንደር የደወሉ ዲያቆን፦ «ቅኔ ተምሬያለሁ፤ ከዩኒቨርሲቲም ተመርቄያለሁ። መምህሬ ‹ይህ ትምህርት ከመጻሕፍት ቤት የጎደለ ምን ሊጨምርልህ?› ይሉኛል።»

መልስ፦ እኔ ከወንጌላውያን ወገን ነኝ፤ የእርስዎን ቤት መመዘን አይገባኝም። መምህርዎ ግን ብዙ እውነት አላቸው። በመጻሕፍት ቤት መጽሐፍ ሲተረጐም፣ አንድምታው «አንድም» እያለ ሲያወርድ ምሳሌውን ከሰው ኑሮ ያመጣል፤ ደህና የንስሐ አባትም የነፍስ ልጁን ጠብ፣ ዕዳ፣ በሽታ ያውቃል። አዲሱ ትምህርት የሚጨምረው ምልከታና ቃለ መጠይቅ አድርጎ፣ ጽፎ፣ ሌላው እንዲፈትሸው ማቅረብን ነው። አዲስ አበባ ያለው ቅድስት ሥላሴ በማስተርስ ደረጃ ያስተምራል፤ ይጠይቁ። አንድ ነገር ብቻ፦ በንስሐ የተሰማ ምሥጢር ለጥናት መረጃ አይሆንም፤ ስሙ ቢቀየርም አይሆንም።

ከአዳማ የደወሉ የመጋቢ ባለቤት፦ «ባለቤቴ ከአገልግሎቱ ጎን ማስተርስ ይማራል። ልጆቹ የሚያዩት ተኝቶ ብቻ ነው። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ ሁሉንም በእሱ አይጫኑበት። አጥቢያው «ተማር» ብሎ ፈቅዶ ከሥራው አንድ ቀን ካልቀነሰለት፣ ያ ጊዜ የተወሰደው ከእናንተ ማዕድ ነው። ለሽማግሌዎች ደብዳቤ ይጻፍ፦ የረቡዕን ትምህርት ማን ይያዝ፣ ፈተና ሰሞን ለቅሶ ቤት ማን ይድረስ፣ የትኛው ምሽት ለቤቱ ይተውለት። ባለቤትዎ ደብዳቤውን ሲያስገባም እርስዎ አብረውት ይግቡ።