መርፌ የያዙ እናቶችና የኦታዋው ጋዜጣ

የተከበራችሁ ወላጆች፣ አስተማሪዎቻችን፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

በዚህ ብርድ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ለቅዳሜው የአማርኛ ትምህርት ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ልጆቹ ታች ፊደል እየቆጠሩ ነው። እነሱ እስኪጨርሱ ስለ አንድ ጋዜጣ ላጫውታችሁ። የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጋዜጣው «ለ ድሯ» ይባላል። በፈረንሳይኛ «መብት» ማለት ነው። የተወለደው እዚሁ የካናዳ ዋና ከተማ ኦታዋ ነው። እኔ ያወቅሁት አንባቢ ሆኜ ሳይሆን አዳይ ሆኜ ነው። እዚህ ሀገር እንደገባሁ ያገኘሁት ሥራ ጋዜጣ በየቤቱ ማድረስ ነበር። ከሌሊቱ 10 ሰዓት እነሳለሁ፣ በረዶውን እየረገጥኩ ከደጅ ደጅ እዞራለሁ። ፈረንሳይኛ አንድ ቃል አላውቅም።

አንድ በር ላይ ግን ሁልጊዜ የሚጠብቁኝ አንዲት አዛውንት ነበሩ። በልቤ እማማ ነበር የምላቸው። ጋዜጣውን በሁለት እጃቸው ነው የሚቀበሉኝ። አንድ ቀን በተሰባበረች እንግሊዝኛዬ ለምን በዚህ ብርድ እንደሚወጡ ጠየቅኋቸው። «እናቴ ጊግ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆማ ነበር» አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም። ሲገባኝ ብዙ ዓመት አልፎ ነበር።

ነገሩ የሚጀምረው 1912 ላይ ነው። ኦታዋ ያለችበት የኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር መንግሥት «ደንብ 17» የሚባል መመሪያ አወጣ። በፈረንሳይኛ ማስተማር ከሁለተኛ ክፍል በላይ እንዳይዘልቅ አዘዘ። ከዚያ በኋላ ሁሉም በእንግሊዝኛ ይሁን ተባለ። በዓመቱ ትንሽ ላላ አደረጉትና ፈረንሳይኛ በቀን ለአንድ ሰዓት ቢሰጥ ይቻላል አሉ። እኛ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ላለን ሰዎች ይህ ብዙ ሊመስል ይችላል። የኦንታሪዮ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ግን እንደኛ አዲስ መጤ አልነበሩም። አያቶቻቸው በዚህ ወንዝ ዳር እንጨት ሲቆርጡ የኖሩ ናቸው። ያኔ በኦንታሪዮ ወደ 200 ሺህ ይጠጉ ነበር።

ወላጆቹ ማኅበር ነበራቸው። ያጣነው በየቀኑ የሚጮህልን ድምፅ ነው አሉ። ኦብላት የሚባሉት የካቶሊክ ካህናት፣ በተለይም አባ ሻርል ሻርልብዋ፣ ይህን ሥራ በጫንቃቸው ተሸከሙ። ማርች 27 ቀን 1913 የመጀመሪያው እትም ወጣ። መፈክሩ «መጪው ጊዜ የታጋዮች ነው» የሚል ነበር። ልብ በሉ፣ ይህ ጋዜጣ ለማስታወቂያ ገበያ ተብሎ አልተጀመረም። ልጆች በእናታቸው ቋንቋ እንዲማሩ ተብሎ ነው የተጀመረው። ብዙ ጋዜጣ አይቻለሁ፤ ልደቱ እንደዚህ ልቤን የነካኝ ግን የለም።

አሁን ወደ እማማ በር ልመለስ።

ጊግ ትምህርት ቤት ሎወር ታውን በሚባለው ሰፈር፣ መሪ ስትሪት ላይ ነው። ቤያትሪስና ዲያን ዴሎዥ የሚባሉ ሁለት እህትማማች አስተማሪዎች ደንቡን አንቀበልም አሉ። ከሥራ ታገዱ። ፍርድ ቤትም እዚያ እንዳያስተምሩ ከለከላቸው። ልጆቹ ግን ተከተሏቸው፣ እነሱም ሌላ ቦታ ማስተማራቸውን ቀጠሉ። በጃንዋሪ 1916 እናቶች አስተማሪዎቹን ወደ ትምህርት ቤታቸው መለሷቸው። ከዚያ በኋላ ቀንም ሌሊትም በሩን ጠበቁ። ፖሊስ መጣ። በዚያ ዘመን ሴቶች ባርኔጣቸውን ከፀጉራቸው ጋር የሚያያይዙበት ረጅም መርፌ ነበራቸው፣ የኛን ወስፌ የሚያህል። እሱን መዘዙ። መቀስ የያዘች ነበረች፣ የሊጥ መዳመጫ የያዘች ነበረች፣ መጥበሻ የያዘችም ነበረች። ፖሊስ ተመለሰ።

እናቶቹ በር ላይ ሲቆሙ፣ ለ ድሯ ደግሞ በየቀኑ ወሬውን እየጻፈ በየቤቱ ያደርስላቸው ነበር። አንዲት እናት ብቻዋን እንዳልሆነች የምታውቀው እንዲህ ነው። መርፌውና ጋዜጣው ለእኔ አንድ ሥራ ናቸው።

ድሉ ቶሎ አልመጣም። በዚያው ዓመት መጨረሻ ጉዳዩ ያኔ የካናዳ የመጨረሻ ይግባኝ ይሰማበት ወደነበረው ለንደን ድረስ ሄዶ ደንቡ ሕጋዊ ነው ተባለ። ሰዎቹ ግን አልተቀመጡም። መንግሥት ደንቡን መተግበር የተወው 1927 ላይ ነው። አሥራ አምስት ዓመት! ያኔ አንደኛ ክፍል የነበረ ልጅ ራሱ አባት መሆን ይችላል። ኦንታሪዮ በይፋ ይቅርታ የጠየቀችው ደግሞ በ2016 ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ባጭሩ ልለፈው። በ1930ዎቹ ጋዜጣው ከወንዙ ማዶ ሬዲዮ ጣቢያ ከፈተ። በ1983 ካህናቱ ሸጡት፣ ከዚያም ከባለሀብት ወደ ባለሀብት ሲዘዋወር ኖረ።

1997ን ግን መዝለል አልችልም። እዚሁ ኦታዋ ያለው ሞንፎር ሆስፒታል ይዘጋ ተባለ። በኦንታሪዮ በፈረንሳይኛ ሐኪም የሚያሠለጥን ብቸኛው ሆስፒታል ነበር። እናንተ ይህን ትረዱታላችሁ። «ውጋት» የሚለውን ቃል ለሐኪም በእንግሊዝኛ ለማስረዳት ያልሞከረ አለ? የኦታዋ ጎረቤት የነበረችው የቫኒየር ከተማ የቀድሞ ከንቲባ ዢዜል ላሎንድ ሕዝቡን አስተባበሩ። ለ ድሯም ከዘመቻው ጎን ቆመ። ማርች 22 ቀን ወደ 10 ሺህ ሰው አንድ አዳራሽ ሞላ። ክርክሩ ፍርድ ቤት ገብቶ በ2001 በይግባኝ ጭምር አሸነፉ። ሆስፒታሉ ዛሬም ክፍት ነው። ከመካከላችን ልጅ የወለዱበት አሉ።

በ2019 የጋዜጣው ባለቤት የሆነው ድርጅት ከሰረ። ለ ድሯን ጨምሮ ስድስት የክልል ዕለታዊ ጋዜጦች አብረው አፋፍ ላይ ደረሱ። ሠራተኞቹ የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ፣ አንባቢዎችም ከኪሳቸው አዋጡ። ዋጋው ከባድ ነበር፤ ጡረተኞች ከጡረታቸው ላይ ተቆርጦባቸዋል። ይህ እስካሁን ያሳዝነኛል። ዕድሜያቸውን ለጋዜጣው የሰጡ ሰዎች ናቸው። በ2020 ኮሮና ሲመጣ የአዘቦት ቀኑ ወረቀት ቆመ። የቅዳሜው ደግሞ በ2023 መጨረሻ ቀረ። አሁን የሚነበበው በስልክና በኮምፒውተር ብቻ ነው።

የእማማ ደጅ ዛሬ ባዶ ነው። እሳቸውም የሉም። የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል ግን በየጠዋቱ ይሠራል፣ ባለቤቶቹም ራሳቸው ሠራተኞቹ ናቸው።

የልጆቹ ድምፅ ጎላ፣ ጨርሰዋል መሰለኝ። መኪና ያላችሁ ተከተሉኝ። የጊግ ትምህርት ቤት ሕንፃ እስካሁን መሪ ስትሪት ላይ ቆሟል። ግማሹ መኖሪያ ቤት፣ ግማሹ የፈረንሳይኛ ተናጋሪ አዛውንቶች መዋያ ሆኗል። ልጆቹን በሩ ድረስ እንውሰዳቸውና የሁለቱን አስተማሪዎች ስም በአማርኛ ፊደል እናስጽፋቸው። ቤያትሪስ። ዲያን። ደብተርና እርሳስ እኔ ይዣለሁ።