የተጠገነ አኦርታ፣ የከበደበት ልብ

የተከበራችሁ የሕክምና ባለሙያዎች፣ የባዮሜዲካል መሐንዲሶችና ተማሪዎች፤

ከልብ የሚወጣው ዋናው ደም ቅዳ የአኦርታ እብጠት ወይም አኑሪዝም የነበረበት ሰው በስቴንት ግራፍት፣ ማለትም በደም ቅዳው ውስጥ በሚገባና በመረብ በተደገፈ ቱቦ፣ ታክሞ ለክትትል ሲመለስ ዘወትር የምናነሣቸው ሁለት ጥያቄዎች አሉ፤ እብጠቱ ቀንሷል ወይ? ወደ እብጠቱ የሚሾልክ ደምስ አለ ወይ? ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። እኔ ዛሬ በፊታችሁ የቆምኩት ሦስተኛ ጥያቄ እንዲጨመርባቸው ለመጠየቅ ነው፤ ልቡስ እንዴት ሆነ?

አኦርታ ደም የሚያልፍበት ቱቦ ብቻ አይደለም። ልብ በተኮማተረ ቁጥር ከሚረጨው ደም ከፊሉ ወዲያው ወደ ፊት ሲፈስ፣ የቀረው የአኦርታን ግድግዳ ለጥጦ እዚያው ይቆያል፤ ልብ ሲያርፍ ደግሞ ግድግዳው ወደ ቦታው እየተመለሰ ያቆየውን ደም ወደ አካላት ይገፋዋል። እንግሊዛዊው ስቲቨን ሄልስ እ.ኤ.አ. በ1733 ይህን ጠባይ በእሳት ማጥፊያ ፓምፖች ላይ ከነበረው የአየር ቋት ጋር አመሳስሎት ነበር፤ በ1899 ደግሞ ጀርመናዊው ኦቶ ፍራንክ በሒሳብ ቀመር አስቀመጠው። የመለጠጡ ችሎታ የሚገኘው በግድግዳው ውስጥ ካለው ኢላስቲን ከተባለው ፕሮቲን ነው። ሰውነት ይህን ፕሮቲን በብዛት የሚሠራው በፅንስነትና በልጅነት ዘመን በመሆኑ፣ ከዚያ በኋላ የተበጣጠሰው በሚገባ አይተካም።

ግራፍቱ ከፖሊስተር ጨርቅ ወይም ፒቲኤፍኢ ከሚባል ፕላስቲክ ይሠራል፤ ኒቲኖል ከሚባል የኒኬልና የቲታኒየም ቅይጥ ወይም ከማይዝግ ብረት የተበጀ መረብም ይደግፈዋል። በብሽሽት ደም ቅዳ በኩል ተጠቅልሎ ይገባና ቦታው ሲደርስ ይከፈታል። እንዳይንሸራተት ሲባል ከአኦርታው ስፋት ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚበልጥ ስለሚመረጥ፣ ግራፍቱን የሚይዘው ጤነኛ ግድግዳ ዕድሜውን ሙሉ ተወጥሮ ይኖራል። ሐኪሞቹ ኒኮላይ ቮሎዶስ በ1987 በዩክሬን ካርኪቭ፣ ሁዋን ፓሮዲ ደግሞ በ1990 በአርጀንቲና ቦነስ አይረስ ይህን መንገድ ሲጀምሩት ዓላማቸው የእብጠቱን ፍንዳታ መከላከል ነበር፤ ያንንም አሳክተውታል። ኢቫር 1 የተባለው የብሪታንያ ጥናት በ2004 ባወጣው ውጤት፣ በ30 ቀን ውስጥ የሞቱት በስቴንት ግራፍት ከታከሙት 1.7 በመቶ፣ ሆድ ተከፍቶ ከታከሙት ደግሞ 4.7 በመቶ ነበሩ። ስለዚህ የምናገረው ሁሉ ሕክምናውን ለመንቀፍ አይደለም።

የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ጊዜ ነው። ሆላንዳውያኑ ሞንስና ኮርተቬግ በ1878 እንዳሳዩት፣ የትርታ ሞገድ፣ ማለትም ልብ በተኮማተረ ቁጥር የሚነሣው የግፊት ሞገድ፣ በቧንቧ ውስጥ የሚጓዝበት ፍጥነት ከግድግዳው ግትርነት ጋር አብሮ ያድጋል። በጤናማ ወጣት አኦርታ ውስጥ ሞገዱ በሰከንድ ከ5 እስከ 6 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ከአንገት እስከ ብሽሽት ተለክቶ በሰከንድ ከ10 ሜትር ካለፈ የአውሮፓ የደም ግፊት መመሪያዎች የአደጋ ምልክት አድርገው ይቆጥሩታል። ግራፍት ሲገባ ሞገዱ በግትሩ ክፍል ውስጥ ይፈጥናል፤ ለስላሳው ግድግዳ ከግትሩ ጋር በሚገናኝበት መጋጠሚያ ላይም ከፊሉ ነጥሮ ወደ ልብ ይመለሳል። የተመለሰው ሞገድ ልብ ገና ደም እየገፋ ሳለ ከደረሰበት የላይኛውን የደም ግፊት ከፍ ያደርገዋል፤ በአኦርታው ተቆይቶ በልብ ዕረፍት ጊዜ የሚገፋው ደም ስለሚያንስ ደግሞ የታችኛው ግፊት ይወርዳል። ልብ በአንድ በኩል ከወትሮው የከበደ ጭነት ይገፋል፤ በሌላ በኩል የገዛ ጡንቻው በዋናነት ደም የሚያገኘው በዚያው የዕረፍት ጊዜ ነውና፣ የሥራው ሸክም በጨመረበት ሰዓት ቀለቡ ይቀንስበታል።

አኑሪዝም ያለበት የአረጋዊ አኦርታ ከጥገናው በፊትም ግትር ስለሆነ ለውጡ ያን ያህል አይጎላም ሊባል ይችላል፤ በከፊል እውነት ነው። ነገር ግን በመኪና አደጋ የደረት አኦርታው የተቀደደበትን የ20 ዓመት ወጣት አስቡ። የደረቱ ክፍል ከአኦርታ ሁሉ ይበልጥ የሚለጠጠው ነው፤ የወጣቱ ግድግዳ ጤነኛ ነው፤ ግራፍቱም አብሮት የሚኖረው ለአሥርት ዓመታት ነው። በእንዲህ ያሉ ሕሙማን ላይ የተደረጉ ጥናቶች ቀድሞ ያልነበረ የደም ግፊት በሽታና የልብ ጡንቻ መወፈር እንደሚታይ ዘግበዋል። ከሁሉ በላይ መከታተል ያለብን ይህን ወጣት ሆኖ ሳለ፣ እብጠት ስላልነበረበት የምንለካው ስፋት የለም በሚል ቶሎ እናሰናብተዋለን። ይህ ልክ አይመስለኝም።

ወደ ደም ፍሰቱ ልምጣ። በእብጠት ውስጥ ደም ይዘገያል፣ ይሽከረከራል፣ በግድግዳውም ላይ ይረጋል፤ ግራፍቱ ቀጥ ያለ መንገድ ስለሚያበጅለት ፍሰቱ ይስተካከላል። በጠመዝማዛ ቦታ ግን የሚዞረው ደም ግራፍቱን ወደ ውጭኛው ጎን ይገፋዋል። የዚህ ግፊያ መጠን በዋናነት የሚወሰነው በደም ግፊቱ፣ በግራፍቱ ስፋትና በመታጠፊያው አንግል ነው። የፍሰቱና የግትርነቱ ነገር የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው፤ ግትርነት ያሳደገው የላይኛው ግፊት ተመልሶ ግራፍቱን ራሱን ከቦታው ሊያንሸራትተው ይታገላል፤ ግራፍቱ ከተንሸራተተም በጫፉ በኩል ደም ይሾልካል። እንግዲህ ልብን መከታተል ማለት ግራፍቱንም መከታተል ማለት ነው።

የምጠይቀው ውስብስብ አይደለም። ከጥገናው በፊትና በኋላ የላይኛውና የታችኛው ግፊት ልዩነት ይመዝገብ፤ ይህ በእያንዳንዳችን እጅ ባለው የግፊት መለኪያ የሚሠራ ነው። መሣሪያው ባለበት የትርታ ሞገድ ፍጥነት ይለካ፤ የልብ ጡንቻ ውፍረትም በአልትራሳውንድ ይታይ። ከአንገት እስከ ብሽሽት የሚለካው ፍጥነት የመንገዱ ሁሉ አማካይ በመሆኑ የአጭር ግራፍት ለውጥ ሊሸፈንበት ይችላል፤ ስለዚህ አንድ ቁጥር ብቻ አይተን መዝገቡን አንዝጋ። ለመሐንዲሶቹ ያለኝ ጥያቄ ግን ከባድ ነው፤ ተወጥሮ እንዲይዝ የምንፈልገው ጫፍና እንዲለጠጥ የምንፈልገው መካከለኛው አካል በአንድ ዓይነት ጨርቅና በአንድ ዓይነት መረብ መሠራታቸው እስከ መቼ ነው?

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።